«ይሄ ፖል እውነት ነው?» የጦርነትና የውጭ ጉዳይ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከማጋራታችሁ በፊት መፈተሻ

በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። ስክሪንሾት ነው። ትልቅ ቁጥር፣ ባንዲራ፣ አንዳንዴ ደግሞ የታንክ ፎቶ። ከሥሩ «ይሄ ፖል እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። ላኪው አንዴ የአክስቴ ልጅ ነው፣ አንዴ ሪያድ ያለች የድሮ ጎረቤታችን፣ አንዴ እዚሁ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን ቡና የምንጠጣ ሰዎች። ጉዳዩ ይለያያል፤ ዩክሬን፣ ጋዛ፣ ኢራን፣ ታይዋን። ለእኔ የሚልኩት ለሁለት ዓመት ያህል ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሰው በስልክ መጠየቅ እንጀራዬ ስለነበረ ነው።

መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ከላዩ የተጻፈው አረፍተ ነገር ግን አይደለም። ጥናቱ ተሠርቷል፣ ቁጥሩም ወጥቷል። ሰዎቹ «አዎ» ያሉት ግን ለሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራችሁ መላሾቹ በጆሯቸው የሰሙትን አረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ነው። አሠራሩን አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንን እልካለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

- ጥናቱን የሠራው ተቋም ራሱ ያወጣው ገጽ። ዜናው አይበቃም።
- የመጠይቁ ሙሉ ቅጂ ከነመልሶቹ። ደህና ተቋማት በፒዲኤፍ ይለጥፉታል፤ ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ ነው።
- ጥናቱ እንዴት እንደተሠራ የሚገልጸው ክፍል። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ግን ግማሹ መልስ እዚያ ነው ያለው።
- ካልኩሌተር። የስልካችሁ ይበቃል።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። አትሳቁ፤ ደረጃ 3 ላይ ታዩታላችሁ።
- 20 ደቂቃ። እጃችሁ ሲፈታ 5 ይበቃል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ምንጩ ድረስ ሂዱ

ስክሪንሾቱ ላይ የተቋም ስምና ቀን አለ? ከሌለ እዚሁ አቁሙ። የሌለ ነገር መፈተሽ አይቻልም፤ ፖል ሳይሆን ሥዕል ነው የተላከላችሁ።

ስም ካለ ስሙን፣ ጉዳዩንና ወሩን አንድ ላይ ጽፋችሁ ፈልጉ። የዜና ገጽ ላይ አትቁሙ፤ ተቋሙ ራሱ ወዳወጣው ግቡ። ምክንያቱም ቁጥር በእያንዳንዱ እጅ ሲያልፍ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። ጥናቱ ላይ «በተወሰነ ደረጃ እደግፋለሁ» የነበረው ዜናው ላይ «እደግፋለሁ» ይሆናል፤ ቴሌግራም ላይ ሲደርስ «በሙሉ ልብ ይደግፋሉ» ይባላል።

ማን እንደከፈለም እዩ። ከፋዩ ቁጥር ይቀይራል ማለቴ አይደለም። የትኛው ጥያቄ እንደሚጠየቅ፣ ከተጠየቁት አሥር ውስጥ የትኞቹ ሦስቱ ለሕዝብ እንደሚወጡ የሚመርጠው ግን እሱ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ስም ያሳስታል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዋሽንግተን የሆነው ጋሉፕ እና ጋሉፕ ኢንተርናሽናል የሚባለው ማኅበር ሁለት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው። የዓለም አቀፍ ጉዳይ ፖል ላይ ሁለቱ ሁሌ ይምታታሉ። ቁጥሩን አንደኛው ገጽ ላይ ካጣችሁት «ውሸት ነው» ከማለታችሁ በፊት የሌላኛውን እዩ።

ደረጃ 2፦ «ሕዝቡ» የተባለው ማን እንደሆነ ለዩ

ርዕሱ «አሜሪካውያን» ይላል። ጥናቱን ስትከፍቱት የተጠየቁት የአንድ ፓርቲ መራጮች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ለመምረጥ የተመዘገቡ። ወይም ይመርጣሉ ተብለው የሚገመቱ። እያንዳንዱ ሌላ ሕዝብ ነው። ይመርጣሉ የሚባሉት ከአጠቃላዩ ሰው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ስለ ጦርነት ደግሞ አዛውንትና ወጣት አንድ ዓይነት አይመልሱም።

ጦርነት ባለበት አገር ይሄ ደረጃ የበለጠ ይከብዳል። የኪየቭ ዓለም አቀፍ የሶሲዮሎጂ ተቋም የዩክሬንን ሕዝብ በስልክ ይጠይቃል። በሩሲያ ጦር በተያዙ ቦታዎች ያሉትን ግን ማካተት አይችልም፤ ከየካቲት 24 ቀን 2022 በኋላ ከአገር የወጡትንም አይጨምርም። ይህን ራሱ ጽፎ ያስታውቃል። እንግዲህ «ዩክሬናውያን እንዲህ አሉ» ስትሉ መንግሥት በሚቆጣጠረው ክፍል ያሉትን ማለታችሁ ነው። ሚሊዮኖች ከቁጥሩ ውጭ ናቸው።

እስራኤል ያላችሁ ዘመዶቼ ደግሞ ይሄኛውን ልብ በሉ። የእስራኤል ዴሞክራሲ ተቋም በየወሩ በሚያወጣው ጥናት ብዙ ጊዜ ወደ 600 ሰው በዕብራይስጥ፣ ወደ 150 ሰው በዐረብኛ ይጠየቃል። የአይሁዱና የዐረቡ መልስ ለየብቻ ይቀርባል። ስክሪንሾት ሠሪው አንዱን ብቻ አንስቶ «እስራኤላውያን» ብሎ ይጽፋል። የጦርነት ጥያቄ ላይ በሁለቱ መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት ሊኖር ስለሚችል ሁለቱንም ካላያችሁ ምንም አላያችሁም።

አንድ ጊዜ ደግሞ «ቤተ እስራኤላውያን ስለ ጦርነቱ ምን ይላሉ የሚለውን ከዚህ ጥናት አውጣልን» ተባልኩ። አይወጣም። ከአገሩ አይሁድ ሕዝብ ቤተ እስራኤላውያን ከመቶ 2 ገደማ ናቸው። ከ600 ሰው 12 ወይም 14 መሆናቸው ነው። የአንድ ማኅበር ስብሰባ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ጻፉት

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይሄንን አትዝለሉ።

የመጠይቁን ቅጂ ክፈቱና መላሹ የሰማውን አረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጡ። በእጃችሁ። ዓይን ያልፋል፣ እጅ ግን ያቆማል። ከዚያ አራት ነገሮች ላይ አስምሩ።

አንደኛ፣ ዋጋ ተጠቅሷል ወይ? ጥር 2003 ላይ ኢራቅ ከመወረሯ በፊት ፒው የምርምር ማዕከል አሜሪካውያንን ጠየቀ። «የሳዳም ሁሴንን አገዛዝ ለማብቃት ኢራቅ ላይ ወታደራዊ እርምጃ መውሰድን ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?» ሲባሉ ከመቶ 68ቱ ደገፉ፣ 25ቱ ተቃወሙ። በዚያው ጥናት ላይ «በሺዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሊሞቱ ወይም ሊቆስሉ የሚችሉ ቢሆንም እንኳ» የሚል ሲጨመርበት ደጋፊው 43 ሆነ፣ ተቃዋሚው 48። አገሩ ያው፣ ወሩ ያው። አንድ ሐረግ ብቻ ተጨመረና ብዙኃኑ ተገለበጠ። ታዲያ አሜሪካውያን ጦርነቱን ይደግፉ ነበር ወይስ ይቃወሙ? ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ግማሹን ደብቋችኋል።

ሁለተኛ፣ ዓላማ ተጠቅሷል ወይ? «ወታደር መላክ» እና «ሰላማዊ ሰዎችን ለማዳን ወታደር መላክ» አንድ ጥያቄ አይደሉም። መላሹ ወታደር መላኩን ይጥላ እንጂ ማዳኑን አይጠላም። መሪ በስም ከተጠራም እንዲሁ ነው። «የፕሬዚዳንት እገሌ ዕቅድ» ሲባል ሰው ስለ ዕቅዱ ሳይሆን ስለ ሰውየው ነው የሚመልሰው።

ሦስተኛ፣ ምን ምን ምርጫ ተሰጠው? የኪየቩ ተቋም ከ2022 ጀምሮ የሚደጋግማት ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ናት። ለመላሹ ሁለት ሐሳብ ይነበብለታል። አንደኛው «ጦርነቱ ቢረዝምም፣ የአገር ነጻነት አደጋ ላይ ቢወድቅም ምንም ዓይነት መሬት መሰጠት የለበትም» ይላል። ሁለተኛው «ቶሎ ሰላም እንዲመጣና ነጻነት እንዲጠበቅ የተወሰነ መሬት ሊለቀቅ ይችላል» ይላል። ሁለቱም ጎን ዋጋው ተነግሯል። ይሄን «ዩክሬናውያን ሰላም ይፈልጋሉ ወይስ ጦርነት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ጥያቄውን አላነበበም። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

አራተኛ፣ ከዚህ በፊት ምን ተጠይቆ ነበር? 1948 ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ሙከራ አለ። «የሌሎች አገሮች ኮሚዩኒስት ጋዜጠኞች ወደ አሜሪካ ገብተው ያዩትን ይዘግቡ?» ተብሎ መጀመሪያ ሲጠየቅ ከመቶ 37 ገደማ ፈቀደ። ግን «የአሜሪካ ጋዜጠኞች እንደ ሩሲያ ያለ ኮሚዩኒስት አገር ገብተው ይዘግቡ?» የሚለው ቀድሞ ሲጠየቅ የኮሚዩኒስቶቹን የፈቀደው 73 ደረሰ። ሰው ለራሱ የጠየቀውን ለሌላው መከልከል ያሳፍረዋል። ስለዚህ መጠይቁን ስትከፍቱ ከጥያቄያችሁ በላይ ያሉትን ሁለት ሦስት ጥያቄዎችም አንብቡ።

ማስጠንቀቂያ፣ የእኛው ቋንቋ ወጥመድ፦ እንግሊዝኛው «አፕሩቭ»፣ «ፌቨር»፣ «ሰፖርት» ይላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ መሪው ሥራውን የያዘበትን መንገድ መውደድ ነው። ሁለተኛው አንድ እርምጃ እንዲወሰድ መፈለግ ነው። ሦስተኛው አንዳንዴ ከአንድ ወገን ጎን መቆም ነው። አማርኛ ላይ ሦስቱም «ይደግፋሉ» ይሆናሉ። እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁ። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ላይ ቁጥር እንዳነብ ተጠርቼ፣ ጥያቄው ፕሬዚዳንቱ ጉዳዩን ስለያዙበት መንገድ ነበር፤ እኔ «ጦርነቱን ይደግፋሉ» ብዬ አነበብኩት። አንድ አባት ደውለው «ልጄ፣ እንግሊዝኛው ላይ ጦርነት የሚል ቃል አለ እንዴ?» አሉኝ። አልነበረም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ከመነሣቴ በፊት ለአሥር ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። «ይደግፋሉ» ብላችሁ አትቁሙ፤ ምኑን እንደሆነ ጨምሩ። «የፕሬዚዳንቱን አያያዝ ወደውታል»፣ «መሣሪያ መላኩ ይቀጥል ብለዋል»። የስልክ መተርጎሚያ ይሄንን አይለይላችሁም።

ደረጃ 4፦ «አላውቅም» ያሉትን ፈልጓቸው

ስክሪንሾቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ። መቶ ካልሞሉ የጎደለው የት ሄደ? መቶ ከሞሉ ደግሞ «አላውቅም» ያሉት ተጥለው ሊሆን ይችላል። ይሄ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው፦ 42 ይደግፋል፣ 28 ይቃወማል፣ 30 አያውቅም። «አላውቅም»ን ጥላችሁ 42ን ለ70 ስታካፍሉ 60 ይመጣል። 42 እና 60 አንድ ጥናት ናቸው፤ አንዱ ግን አናሳ ነው፣ ሌላው ብዙኃን።

የውጭ ጉዳይ ላይ ይሄ ከሌላ ርዕስ ሁሉ ይብሳል። ሰው ስለ እንቁላል ዋጋ ሐሳብ አለው። ስለ ሩቅ አገር ድንበር ግን ብዙ ጊዜ የለውም፤ «የለኝም» ማለት ስለሚያሳፍረው ብቻ አንድ ነገር ይላል። ስልክ ላይ ስሠራ «አንተ ደስ ያለህን ሙላው» ያለኝ ሰው ብዛቱ! መሙላት አይፈቀድልንም። እንደገና አነብለታለሁ፣ ተንፍሶ «እሺ፣ እደግፋለሁ በለው» ይላል።

ታኅሣሥ 2015 ላይ ፐብሊክ ፖሊሲ ፖሊንግ የሚባል ድርጅት የሪፐብሊካን ፓርቲ መራጮችን «አግራባህን በቦምብ መደብደብ ትደግፋለህ?» አላቸው። ከመቶ 30ው ደገፉ፣ 13ቱ ተቃወሙ። ዴሞክራቶቹም ሲጠየቁ 19ኙ ደገፉ፣ 36ቱ ተቃወሙ። አግራባህ የምትባል ከተማ የለችም። የልጆች ካርቱን ውስጥ ያለች ናት። መጋቢት 2014 ላይ ደግሞ ሦስት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች 2,066 አሜሪካውያንን ዩክሬንን ካርታ ላይ እንዲያሳዩ ጠየቁ። ያገኛት ከስድስት አንዱ ነበር። የሚገርመው፣ ከትክክለኛው ቦታ እየራቁ በሄዱ ቁጥር አሜሪካ በጦር እንድትገባ የመፈለጋቸው ነገር ይጨምር ነበር።

ይሄ ማለት ግን የሕዝብ አስተያየት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጉዳዩን ከሚያውቁ ሰዎችና ከማያውቁ ሰዎች የመጣውን ቁጥር ለዩ ማለት ነው። ጥናቱ «ጉዳዩን ምን ያህል ተከታትለሃል?» ብሎ ጠይቆ ከሆነ የተከታተሉትን መልስ ለብቻው እዩ።

ደረጃ 5፦ ሰዎቹ እንዴት እንደተመረጡ አንብቡ

አንድ ጥያቄ ይበቃል። መላሹ በዕጣ ተመርጦ ነው የተጠየቀው ወይስ ራሱ መጥቶ ነው የመለሰው?

በዕጣ ከሆነ ማንም ሰው የመመረጥ ዕድል ነበረው፤ ስለዚህ 1,000 ሰው ስለ ሚሊዮኖች ይናገራል። በአፍሪካ አገሮች ጥናት የሚያደርገው አፍሮባሮሜትር እንዲህ ነው የሚሠራው። በየአገሩ ብዙ ጊዜ 1,200 ወይም 2,400 ሰው በዕጣ ይመረጣል፤ ጠያቂው ቤት ድረስ ሄዶ በመላሹ ቋንቋ ያነጋግራል። ኢትዮጵያም ተካታበታለች። ቻይናና አሜሪካ በአገራችሁ ያላቸው ተጽዕኖ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ጥያቄ እነሱ ጋ ታገኙታላችሁ።

ራሱ መጥቶ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለጥፎ ከሆነ፣ 50 ሺህ ሰው ቢመልስም ስለ ቻናሉ ተከታዮች እንጂ ስለ ሕዝቡ አይነግራችሁም። ሠርግ ቤት ቆሞ «ከተማው ጠግቧል ወይ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ብዛት አያድንም። በ1936 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ምርጫው ላይ ይሸነፋሉ አለ፤ ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ።

መካከለኛውና አስቸጋሪው ዓይነት ትንሽ ገንዘብ ወይም ነጥብ እየተከፈላቸው በኢንተርኔት የሚመልሱ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ጥሩ ይሠራል። ግን ፒው እንዲህ ዓይነት ክፍት ቡድን ላይ ከ30 ዓመት በታች ያሉትን «የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ የመንዳት ፈቃድ አለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ከመቶ 12ቱ «አዎ» አሉ። ለገንዘቡ ብቻ ዝም ብሎ የሚጫን ሰው አለ። ስለዚህ ስለ ወጣቶች የወጣ አስደንጋጭ ቁጥር ከእንዲህ ዓይነት ቡድን ከመጣ ቢያንስ ሌላ ጥናት እስክታገኙ ያዙት።

ስልክም ንጹሕ አይደለም። ፒው በስልክ ከሚደውልላቸው ሰዎች መልስ የሰጡት በ1997 ከመቶ 36 ነበሩ፤ በ2018 ወደ 6 ወረደ። ተቋማቱ ይሄንን የሚያስተካክሉት ያነሰው ወገን መልስ የበለጠ እንዲመዝን በማድረግ ነው። የአሠራር መግለጫው በምን በምን እንደመዘኑ መናገር አለበት፤ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርት፣ በአካባቢ። ምንም ካላለ ጥርጣሬያችሁን ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ መላሹ የሚፈራው ነገር አለ?

መጋቢት 2022 ላይ ሩሲያ ስለ ጦሯ «ሐሰተኛ መረጃ» ማሰራጨትን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ አንድ የማታውቁት ሰው ቤታችሁ መጥቶ «የሩሲያ ጦር ኃይሎች ዩክሬን ውስጥ የሚያደርጉትን ትደግፋለህ?» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ሌቫዳ የተባለው የሞስኮ ተቋም የሚጠይቀው እንዲህ ብሎ ነው፤ የሚያገኘው ድጋፍም ብዙ ጊዜ ከመቶ 70 በላይ ነው።

ፍርሃትን ለመለካት አንድ ብልሃት አለ። ለግማሾቹ መላሾች ጉዳት የሌላቸው ሦስት ነገሮች ይሰጣሉ፤ ለግማሾቹ እነዚያው ሦስቱ እና ጦርነቱ። ከዚያ «ስንቱን ትደግፋለህ?» ብቻ ይባላሉ፤ የትኞቹን እንደሆነ አይናገሩም። የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት ጦርነቱን የሚደግፉትን መጠን ይሰጣል፤ ማንም በግሉ ሳይጋለጥ። በ2022 በኢንተርኔት መላሾች ላይ እንዲህ ሲሞከር በቀጥታ ሲጠየቁ ደጋፊው ከመቶ 68 ነበር፣ በዝርዝሩ መንገድ 53 ሆነ።

ሁለት ነገር አስተውሉ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ የተጠየቀውን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ግን 53 ዜሮም አይደለም። «እነሱ ፈርተው ነው እንጂ ማንም አይደግፍም» የሚለው ስክሪንሾትም ያው የተሳሳተ ነው። ፍርሃት ባለበት አገር ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ቁጥሩ ከወር ወር መውጣትና መውረዱ ይበልጥ ይነግራችኋል። ፍርሃቱ ያው ሆኖ መልሱ ከተለወጠ አንድ ነገር ተለውጧል።

ደረጃ 7፦ ቀኑን እዩ

የታተመበትን ሳይሆን የተጠየቀበትን ቀን። የጦርነት አስተያየት እንደ ወተት ነው፤ ቶሎ ይለወጣል። ጋሉፕ ጋ የጆርጅ ቡሽ ሥራ ድጋፍ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በፊት 51 ነበር፤ በዚያው ወር 90 ገባ። ፒው ጋ ደግሞ ኢራቅ ላይ ጦር መጠቀሙ ትክክለኛ ውሳኔ ነው ያሉት አሜሪካውያን መጋቢት 2003 ላይ 71 ነበሩ፤ በ2018 43። የኪየቩ ጥያቄ ላይ «ምንም መሬት አይሰጥ» ያሉት ግንቦት 2022 ላይ 82፣ ታኅሣሥ 2023 ላይ 74፣ ታኅሣሥ 2024 ላይ 51 ናቸው። ቀን የሌለው ስክሪንሾት ከሦስቱ የፈለገውን መዞ ማውጣት ይችላል። ያወጣልም።

ደረጃ 8፦ ሒሳቡን አድርጉ

- በዕጣ የተመረጠ 1,000 ሰው ከሆነ ቁጥሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ነጥብ ያህል ሊሳሳት ይችላል። 400 ከሆነ 5። 150 ከሆነ 8። 100 ከሆነ 10።
- ይሄ የስህተት ህዳግ የሚባለው ለእያንዳንዱ ቁጥር ነው። ሁለት ቁጥሮችን ስታወዳድሩ በእጥፍ ገደማ አስቡት። በ1,000 ሰው ጥናት 48 እና 46 እኩል ናቸው፤ «በለጠ» አይባልም።
- «ከወጣቶቹ ውስጥ»፣ «ከሴቶቹ ውስጥ» ሲባል ስንት ወጣት እንደተጠየቀ ፈልጉ። ህዳጉ የሚሰላው በዚያ ነው።
- ከ40 ወደ 50 ማደግ 10 ነጥብ ነው፣ ወይም 25 ከመቶ ጭማሪ። «ድጋፍ በ25 ከመቶ ዘለለ» የሚል ርዕስ ካያችሁ የቱን ማለቱ እንደሆነ አጣሩ።

እንዲያም ሆኖ ህዳጉ የሚለካው የዕጣውን ስህተት ብቻ ነው። ጥያቄው ጠማማ ከሆነ፣ መላሹ ከፈራ፣ ህዳግ የሚባል ነገር አያድናችሁም። ለዚህ ነው ሒሳቡን መጨረሻ ያመጣሁት።

ደረጃ 9፦ የራሳችሁን አረፍተ ነገር ጻፉና አጋሩ

አምስት ነገር ይኑረው፦ ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ ማንን፣ ምን ብሎ፣ ስንት። እንዲህ፦ «ፒው ጥር 2003 ላይ የጠየቃቸው አሜሪካውያን፣ ሳዳምን ለማስወገድ ወታደራዊ እርምጃን ከመቶ 68ቱ ደግፈዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቻቸው ሊሞቱ ወይም ሊቆስሉ ይችላሉ ሲባሉ ግን 43ቱ ብቻ።» ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ላይክ አያስገኝም። ግን ማንም ደውሎ «ልጄ» አይላችሁም።

የማያቸው ስህተቶች

አንድ ሰው ቁጥሩን ስላልወደደው ብቻ ይፈትሻል፤ የወደደውን ግን ወዲያው ያጋራል። ዘጠኙን ደረጃ ደስ ባላችሁ ቁጥር ላይ ሥሩ፤ እዚያ ነው የምትሸወዱት።

ሌላው የሁለት ተቋማትን ቁጥር አስተያይቶ «ሕዝቡ ተለወጠ» ማለት ነው። ሕዝቡ ሳይሆን ጥያቄው ነው የተለወጠው። ለውጥ ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ተቋም በአንድ ዓይነት ቃል የደጋገመውን ብቻ ውሰዱ።

ሦስተኛው፣ ብዙኃኑ ደገፈ ማለትን ነገ ይሆናል ብሎ ማንበብ። ፖል የምርጫ ድምፅ አይደለም፤ ሰው ሲጠየቅ ያለው ነው።

መጠይቁን ካጣችሁትስ?

ተቋሙ ጋ ኢሜይል ጻፉ፤ «የጥያቄውን ሙሉ ቃልና የተጠየቀበትን ቀን ላኩልኝ» ማለት ይበቃል። እኔ ከጻፍኩላቸው አብዛኞቹ በሁለት ሦስት ቀን ይመልሳሉ። ካልመለሱ አታጋሩት። ወደ እኔ ስትልኩም ስክሪንሾቱን ሳይሆን ሊንኩን ላኩልኝ።